ባሕር ተሻግሮ ሕፃናትን ማገልገል
ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ የጥናት ትምህርት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ታሪክ ተጽፎ እናገኛለን። አጋቦስ የተባለው ነቢይ ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረኃብ እንደሚመጣ አመለከተ፤ ረኃቡም በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ደረሰ። በአንጾኪያ የነበሩ ደቀ መዛሙርትም እንደየዐቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች እርዳታ ላኩ። በዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ገንዘቡ በማን እጅ እንደ ሄደና ለማን እንደ ደረሰ ነው። የወሰዱት በርናባስና ሳውል ናቸው፤ የተረከቡት ግን የዚያው አገር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። መልእክተኞቹ በይሁዳ መንደሮች እየዞሩ ዐይናቸው ላረፈበት ሁሉ ማደላቸው አልተጻፈም። የተራበውን ቤት ለይተው የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ነበሩና።

ከዓመታት በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ባሰባሰበ ጊዜ ጥንቃቄው ከዚህም የበረታ ነበር። ቆሮንቶሳውያን ራሳቸው የመረጧቸውን ሰዎች ደብዳቤ አስይዞ እንደሚልክ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 16 አስታወቃቸው። በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት አንድ ወንድም ከቲቶ ጋር ለምን እንደሚጓዝ ሲያስረዳ፣ ስለ ገንዘቡ ብዛት ነቀፋ እንዳይመጣበት መጠንቀቁን አልሸሸገም። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ በሐዋርያነቱ ብቻ እንዲታመን አልጠየቀም።

ይህን ታሪክ መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን ከበለጸጉ አገሮች የሚነሡ ምእመናን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በሌላ አገር የሚኖሩ ድሆች ሕፃናትን ለማገልገል የሚያደርጉት ጉዞ እጅግ ተስፋፍቷል። ወደ እኛም አገር ይመጣሉ። ከውጭ አገር አጥቢያዎቻችን የሚነሡ ወጣቶችም ዕረፍታቸው ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ በዚያ ወራት የወላጆቻቸውን አገር ጎብኝተው አንድ በጎ ነገር ሠርተው ለመመለስ ይሻሉ። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችን አንዳንዱ ላኪ፣ አብዛኛው ተቀባይ ነው። የዚህ ጥናት ጥያቄም አንድ ነው፦ እንግዳው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ሕፃኑ ምን ይቀርለታል?

ለዚህ የሜክሲኮን ድንበር በምሳሌነት እንመልከት። ቲሁዋና ከአሜሪካዋ ሳን ዲዬጎ በድንበር አጥር የተለየች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በድንበሩ አካባቢ የተተከሉት ፋብሪካዎች ከሩቅ ክፍላተ ሀገር ብዙ ሕዝብ ስበዋል። ደመወዙ ግን ከዕለት ጉርስ አልፎ ለቤት መሥሪያ የሚተርፍ አይደለም። ስለዚህ ድሃው ቤተሰብ በኮረብታ ዳገት ላይ ቁራሽ መሬት ይዞ፣ ከድንበር ማዶ ተጥሎ በመጣ አሮጌ የጋራዥ በር፣ በጣውላ ስብርባሪና በላስቲክ መጠለያ ያቆማል። በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ ሲበረታ ወለሉ ጭቃ ይሆናል፤ ሕፃናቱም በዚያው ያድራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የሚኖሩ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ምእመናን በዚህ ስፍራ «ፕሮጀክት ሜክሲኮ» የተባለውን አገልግሎት ጀመሩ። በዶግማ የተለየናቸው ብንሆንም ከሥራቸው የምንማረው አለ። ከየአጥቢያው የሚመጡ ወጣቶች በበጋ ዕረፍታቸው ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ አንድ ቤት በአንድ ሳምንት ገደማ ሠርተው ያስረክባሉ። አሸዋውንና ሲሚንቶውን በአካፋ እያቦኩ ወለሉን ይሞላሉ፤ የጣውላ ግድግዳ ያቆማሉ፤ ጣሪያ ያለብሳሉ፤ በመጨረሻም በግድግዳው ላይ የሽቦ መረብ ወጥረው በሲሚንቶ ይለስናሉ። ይኸው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 በሮሳሪቶ አቅራቢያ በቅዱስ ኢኖሰንት ስም የወንዶች ልጆች ማሳደጊያ ከፍቷል፤ እኛ ግን ትኩረታችንን በቤቱ ላይ እናደርጋለን።

ቤቱ ለሕፃኑ ተብሎ ቢሠራም የሚሰጠው ለእናቱና ለአባቱ ነው። ሕፃኑ ከማንም እቅፍ አይወጣም፤ ለማንም እንግዳ መዝሙር እንዲያሰማ አይጠየቅም። ወጣቶቹ ሲሄዱ ይናፍቃቸው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያሳድጉት ሰዎች ከእርሱ ጋር ናቸው፤ በእግሩ ሥር ያለው ወለልም ደረቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሐሳበኛ ሰው ሊከራከር ይችላል፦ ልስን ለመለሰን የሩቅ አገር ጎረምሳ ምን ያደርጋል? በጉዞው ወጪ የዚያው ከተማ ግንበኛ አይቀጠርበትምን? ክርክሩ እውነት አለው። ሲሚንቶውን ያቦካ ወጣት ድህነትን በዐይኑ አይቶ ሲመለስ ለብዙ ዓመታት ሰጪ ሊሆን ይችላል የሚለው መልስም እውነት አለው። ይሁን እንጂ መልሱ የሚጸናው የወጣቱ ትምህርት በሕፃኑ ኪሳራ ካልተገዛ ብቻ ነው። ሲሚንቶ ቢበላሽ እንደ ገና ይቦካል፤ የሕፃን ልብ ግን እንዲህ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ብዙ የተልእኮ ጉዞዎች የሚያመሩት ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። «የሙት ልጆች ቤት» ስለሚባል በውስጡ ያሉት ሁሉ እናትና አባት የሌላቸው ይመስለናል። በካምቦዲያ የሆነውን እንይ። ታላቁ እልቂት እ.ኤ.አ. በ1979 ካበቃ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ፣ ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት፣ የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በመቀነስ ፈንታ በ75 በመቶ አደገ። በማሳደጊያዎቹ ከነበሩት ልጆችም ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ከቤታቸው ያስወጣቸው ሞት ሳይሆን ድህነት ነበር። ወላጅ ልጄ ይማርልኛል፣ ይበላልኛል ብሎ ይሰጣል፤ ጎብኚው አዝኖ ገንዘብ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ባለበት ተጨማሪ ቤት ይከፈታል፤ የተከፈተው ቤት ደግሞ ተጨማሪ ልጅ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሕፃናት መብት ባወጣው ውሳኔ በማሳደጊያ ቤቶች የሚደረገውን የበጎ ፈቃድ ጉዞ ጉዳት ለይቶ የጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው አገልጋይ ከዓመታት በፊት በአንድ ማሳደጊያ እንግዶችን አጅቦ ገብቶ ነበር። ሕፃናቱ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ተሰልፈው ቆይተዋል። ከአምስት ዓመት የማትበልጥ አንዲት ሕፃን አይታት የማታውቃትን እንግዳ አንገት አቅፋ አልለቅም አለች። እንግዳዋ አለቀሰች፤ እኛም ልባችን ተነካ፤ ይህ የፍቅር ምልክት መስሎን ነበርና። የቤቱ ሞግዚት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ፣ እርሷ ለመጣው ሁሉ እንዲሁ ናት፤ ሲሄዱ ደግሞ ሁለት ቀን እህል አትቀምስም» አለችኝ።

የሞግዚቷን ቃል ጥናት ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተጀመረ አንድ ምርምር በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ወስዶ፣ እኩሌቶቹን በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ አስገባ። በቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከሰው ጋር በመተሳሰር በማሳደጊያ ከቀሩት የተሻሉ ሆኑ፤ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት። ለማያውቁት ሰው ያለ ፍርሃት መጠጋትም የእኔ የሚሉት አሳዳጊ በማጣት ውስጥ ባደጉ ሕፃናት ላይ ጎልቶ የሚታይ ምልክት ነው። በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ ሲያቅፋትና ሲለያት የምትኖር ሕፃን መለየትን ደጋግማ ትማራለች።

ይህ ሲባል ማሳደጊያ ሁሉ ይዘጋ ማለት አይደለም። በእውነት ማንም የሌለው ልጅ አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱስ ባስልዮስ ዘመን ጀምሮ ለድሆችና ለሕሙማን ማረፊያ ስትሠራ ኖራለች። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ልጅን በቤተሰብ የማሳደግ ልማድ ጥንታዊ ነው። ጉዲፈቻ የራሳችን ቃል ሆኗል። አገራችን በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆች ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ስትከለክል፣ ሸክሙ ወደ አገር ውስጥ ቤተሰብና ወደ አጥቢያው ተመልሷል። የክርስትና አባትና እናት፣ ሰንበቴው፣ ጽዋው፣ እድሩ ሁሉ ሕፃኑን በስሙ የሚያውቁ ሰዎች መገኛ ናቸው። በአጥቢያችን ስንት የክርስትና ልጆች አሳዳጊያቸው ሞቶ ሳለ የክርስትና አባታቸው አድራሻቸውን እንኳ እንደማያውቅ ብንቆጥር እናፍራለን።

እንግዲህ ከውጭ «ሕፃናትን ለማገልገል እንመጣለን» የሚል ደብዳቤ ለአጥቢያው ሲደርስ የሰበካ ጉባኤው ሥራ መኪናና ማረፊያ ማዘጋጀት ብቻ አይደለም። የሚሠራውን ነገር መወሰን የእርሱ ፈንታ ነው። እንደ ይሁዳ ሽማግሌዎች የትኛው ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስስ፣ የትኛዋ እናት ልጇን ለማሳደጊያ ልትሰጥ እንደ ተቃረበች አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ሐኪም ከመጣ ለሞግዚቶችና ለእናቶች ዕውቀቱን ያካፍል፤ ሕፃናትን ከሚያቅፍ ሃያ ሰው ይልቅ አንዲት ሞግዚት የምታሠለጥን ነርስ ትበልጣለች። ጉልበት ያለው ወጣት ከአባወራው ጋር ጭቃ ያቡካ፣ ቆርቆሮ ይምታ። ገንዘቡ በደረሰኝ ይግባ፤ ሂሳቡም ለሰጪዎቹ በጽሑፍ ይመለስ። የሕፃናት ፎቶግራፍ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አይነሣ፤ ለገንዘብ መሰብሰቢያ ሲባል ዕንባቸው አይታይ። እንግዳን «አይሆንም» ማለት በባህላችን ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ሥራውን ለውጦ መቀበል እንግዳውን መግፋት አይደለም።

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ለመወያያ የሚከተሉት ይቅረቡ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ወደ አጥቢያችን የመጡት እንግዶች የሠሩትን ሥራ የመረጠው ማን ነበር? ከሄዱ በኋላ እስከ ዛሬ የቆመው የትኛው ነው? በአጥቢያችን ክልል ወላጅ እያላቸው በድህነት ምክንያት በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆች ስንት ናቸው? አንዱን ልጅ ወደ እናቱ ቤት ለመመለስ በወር ስንት ብር ያስፈልጋል? ይህንንስ ከእንግዳ ሳንጠብቅ ከሰንበቴው ማውጣት እንችላለንን?