ዲስኩ ሳይሞላ ማስላት



የጥምቀትን በዓል ቀርጸን ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን በዲቪዲ ልናደርስ ቃል ስንገባ፣ የ2 ሰዓቱ ፊልም ዲስኩ አይበቃውም ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት «ቦታ የለም» አለን። አረጋውያኑም አንድ ሳምንት ጠበቁ።

ጥፋታችን አስቀድመን አለማስላታችን ነው። የፊልም መጠን የሚወሰነው በርዝመቱና ለየሰከንዱ በሚመደብለት ቢት ነው። ተራው ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 37,600 ሜጋቢት ማለት ነው። (ኮምፒዩተሩ 4.38 ጊጋባይት ብሎ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ነው።) ይህ ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ይደርሳል። ለማውጫውና ለመጠባበቂያ 0.2 ብንቀንስ 5 ይቀራል።

እኛን የጎዳን ግን ድምፁ ነበር። ዝማሬው እንዳይበላሽ ብለን ሳይታመቅ ተውነው፤ ይህም በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት፣ በ2 ሰዓት 1.4 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በዶልቢ ዲጂታል ሲታመቅ 0.2 ሜጋቢት ይበቃዋል፤ ለምስሉም 4.8 ይተርፋል። ፊልሙ 3 ሰዓት ከሆነ ግን ለምስልና ለድምፅ በጠቅላላ ከ3.5 ሜጋቢት የማይበልጥ ስለሚደርስ፣ ለሁለት ዲስክ መክፈሉ ይሻላል።