ሐሳብ ሲበዛ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ለጭንቀትም ይሠራል።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በተባለው ሰፈር፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመሩ። የሠለጠኑት አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ። ሕመሙን በሐኪም ቃል አይጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። ሰው ሕመሙን በእናቱ ቋንቋ ሲሰማው ለመናገር አያፍርም።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦
1. ባለ ጭንቀቱ ታሪኩን ይናገራል፤ አያቷ ትሰማለች።
2. ከችግሮቹ አንዱን መርጠው የሚቻል መፍትሔ ይፈልጋሉ።
3. ተበረታቶ ይሄዳል፤ ደግሞም ይመለሳል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሏል። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየው በዚህ መንገድ ከተረዱት ከ100ው በ14ቱ ያህል ሲሆን፣ የጤና ጣቢያውን ክትትል ብቻ ካገኙት ግን በ50ው ያህል ነበር።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም በዕረፍት ቀንሽ ለምታምኛት እህት በአፍ መፍቻ ቋንቋሽ ንገሪያት። የምትሰሚ ከሆንሽ ምስጢር ጠብቂ፤ «ቻይው» ብለሽ አታቋርጫት። ራሷን ለመጉዳት የምታስብ ካለች ግን መስማት ብቻ አይበቃም፤ ብቻዋን አትተያት፣ ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ እርጃት።

ለውይይት፦ በእኛ አገር ቋንቋ ጭንቀትን ምን ብለን እንጠራዋለን? ለማንስ እንነግራለን?