ጧት የሚጠፋ፣ ማታ የሚመጣ ረኃብ

ወፍራም ሰው በብዙዎች ዘንድ እንደ ሆዳም ይቆጠራል። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ከዚህ አስተሳሰብ አልራቁም ነበር፤ ምክራቸው ባብዛኛው «ምግብ ቀንስ» የሚል ነበር። አልበርት ስታንካርድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ግን ሕመምተኞቹ ምን ያህል እንደሚበሉ ብቻ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደሚበሉም መረመረ።

እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት ጽሑፍ አንድ የተለየ የአበላል ልማድ ገለጹ። እነዚህ ሕመምተኞች ጧት ምግብ አያሰኛቸውም፤ ቁርስ ሳይቀምሱ ያረፍዳሉ። ሲመሽ ግን ረኃባቸው ይቀሰቀሳል፤ ከራት በኋላም መብላታቸውን አያቋርጡም፤ እንቅልፍም እንቢ ይላቸዋል። ልማዱ የሚብሰው ጭንቀት በበዛባቸው ወቅት ነበር። ታዲያ ጧት እህል የሚያስጠላውን ሰው ሆዳም ማለት ምን ያህል ተገቢ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ስታንካርድ ሌላ ዓይነት አበላል ለይቶ ጻፈ፤ ይኸውም ራስን መግታት እስኪያቅት ድረስ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ መብላትና ከዚያ በኋላ መጸጸት ነው። በዚያው ዓመት ከባልደረባው ጋር ስለ ክብደት መቀነሻ ሕክምና የተጻፈውን መርምሮ ውጤቱ ደካማ መሆኑን፣ ከቀነሱትም ብዙዎቹ ተመልሰው መወፈራቸውን አስታወቀ። ያ አበላል ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ መዘግየቱ ያስገርማል።

ዛሬ ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በውይይት የሚካሄድ ነው። ሕመምተኛው የበላውን፣ የበላበትን ሰዓትና ያን ጊዜ የተሰማውን ስሜት ይመዘግባል፤ ቀን ተርቦ መዋል የማታውን አበላል ስለሚያባብስም ቁርስ፣ ምሳና ራት በየሰዓቱ እንዲበላ ይመከራል። ሕክምናው ያለ ገደብ መብላትን ሲያስተው ክብደትን ግን እምብዛም አይቀንስም፤ ስለዚህ ውፍረቱ ሌላ ክትትል ይደረግለታል።