ነጻ የንግድ ስምምነትና አነስተኛ አምራች፦ ከማር ንግድ የምንማረው

በንብ ማነብ የሚተዳደር ቤተሰብ ኑሮው የሚሻሻለው ቀፎው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ላመረተው ማር ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ሲያገኝ ጭምር ነው። ያ ገዢ ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉ ግን የጉምሩክ በር አለ። በዚህ ጽሑፍ የንግድ ስምምነቶች ይህን በር ለአነስተኛ አምራቾች እንዴት እንደሚከፍቱና በሩ ከተከፈተ በኋላ ከአምራቹ ምን እንደሚጠበቅ፣ የሀገራችንን ማር ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ቀረጥ ለአነስተኛ አምራች ለምን ይከብዳል?

የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ ማር ላይ የሚጥለው መደበኛ ቀረጥ 17.3 በመቶ ነው። ዋጋው 1,000 ዩሮ የሆነ ማር 173 ዩሮ ይከፈልበታል ማለት ነው። ከፋዩ አስመጪው ቢሆንም፣ ወጪው ብዙ ጊዜ ለአምራቹ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። በብዛት የሚልክ ነጋዴ ይህን ሊቋቋመው ይችላል፤ ጥቂት በርሜል የሚልክ ማኅበር ግን ትርፉ በሙሉ በዚያው ሊቀርበት ይችላል።

ኅብረቱ በ1993 ዓ.ም. በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ሀገሮች «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» የተባለውን ዕድል ሰጠ። በዚህም የኢትዮጵያ ማር ከቀረጥ ነጻ ሆነ።

ሆኖም ማራችን ወደዚያ ገበያ እንዲገባ የተፈቀደለት በ2000 ዓ.ም. ነው። ኅብረቱ ማርን የሚቀበለው በውስጡ የመድኃኒትና የጸረ ተባይ ቅሪት አለመኖሩን በየጊዜው ናሙና እየወሰደ ከሚመረምርና የቁጥጥር ዕቅዱን ካጸደቀለት ሀገር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀረጡ ተነሥቶም እንኳ ዕድሉ ለዓመታት ሳንጠቀምበት ቆየ። ከዚህ የምንማረው፣ ስምምነት ቀረጥን ቢያነሣም ጥራትን በእኛ ፈንታ ሊያሟላልን እንደማይችል ነው።

ከአምራቹ የሚጠበቁ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ጥራት። በኅብረቱ ደንብ የማር እርጥበት በአብዛኛው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የማር እንጀራው በሰም ሳይከደን የተቆረጠ ማር እርጥበቱ ስለሚበዛ ይቦካል። እንግዲህ የውጭ ገበያ ዝግጅት የሚጀመረው ከቀፎው ነው።

ሁለተኛ፣ የሥሪት ሀገር ማረጋገጫ። ከቀረጥ ነጻ የሚሆነው በእርግጥ በሀገራችን የተመረተ ማር ነው፤ ከሌላ ሀገር ማር ጋር የተቀላቀለ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። የጭነቱ ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ የሥሪት ሀገር መግለጫውን ራሱ በንግድ ሰነዱ ላይ መጻፍ ይችላል። ከዚያ በላይ ለሚልክ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው። መግለጫው ከሌለ ቀረጡ እንደ ወትሮው ይከፈላል።

ሦስተኛ፣ ኅብረት። የምርመራውን፣ የማሸጊያውንና የማጓጓዣውን ወጪ አንድ አናቢ ብቻውን አይችለውም። በኅብረት ሥራ ማኅበርና በዩኒየን ሲደራጅ ግን ወጪውን ይጋራል። የእያንዳንዱ አባል ማር ከየትና መቼ እንደ መጣ በመዝገብ ከተያዘም፣ እንከን በተገኘ ጊዜ የመጣበትን ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ስጦታና ስምምነት

ከላይ ያየነው የአውሮፓ ዕድል አንድ ወገን ብቻ የሰጠው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰጪው ሊያነሣው ይችላል። አሜሪካ በአጎዋ የሰጠችን ከቀረጥ ነጻ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ ለዚያ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎችና ሠራተኞቻቸው ተጎድተዋል።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ የተፈረመውና ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ግን የጋራ ውል ነው። አባል ሀገሮች ከዕቃ ዓይነቶች በ90 በመቶው ላይ ያለውን ቀረጥ ቀስ በቀስ ያነሣሉ። ውል እንደ መሆኑ የጎረቤቶቻችን ምርትም ወደ ገበያችን ይገባል። ስለዚህ ጥራትን ማሻሻል ለውጭ ገበያ ብቻ ሳይሆን የሀገር ውስጡን ላለማጣትም ያስፈልጋል።

ለውይይት

በየአካባቢያችን ያሉ ማኅበራት በሚቀጥለው ስብሰባቸው እነዚህን ጥያቄዎች ቢያነሡ መልካም ነው፦ የምርታችንን ጥራት የምንለካው በምንድን ነው? የእያንዳንዱ አባል ምርት በመዝገብ ተይዟልን? ገዢ ዛሬ ቢመጣ የትኛው ሰነድ ይጎድለናል?