ጉቶው ሳይደርቅ ማገት አይዘራም

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥቶ፣ ማርያምን አልፎ ወደ እንጦጦ ራጉኤል የሚታጠፍ እግረኛ ጆሮውን ቢሰጥ ልዩነቱን ይለየዋል። በባሕር ዛፉ መሐል የሚሰማው ይበልጡን የቅጠል ኮሽታና የነፋስ ፉጨት ነው። ጽድና ወይራ ወዳለበት ሲጠጋ ዋኖሱም ቁራውም ይንጫጫል። ምክንያቱ ምግብ ነው። ጽድና ወይራ ለወፍ የሚሆን ሥጋ ያለው ፍሬ ያፈራሉ፤ ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ከጽድ ፍሬ አትጠፋም። የነጭ ባሕር ዛፍ አበባ ለንብ ደግ ነው፤ ፍሬው ግን እንደ እንጨት የደረቀ ቆብ ነው፣ ከሥሩም ድኩላ የሚግጠው ለምለም ነገር እምብዛም አይበቅልም።

ባሕር ዛፍን መራገም ግን ውለታ መርሳት ነው። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ ተራራው በማገዶ ተራቆተ፤ በ1879 የተቆረቆረችው አዲስ አበባም እንጨት አጥታ ልትነቀል ደርሳ ነበር። በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው ይህ ፈጣን ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆያት። ችግሩ አንዴ ከገባ አለመውጣቱ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚሁ ተራራ ላይ አገር በቀል ዛፍ ሲመልስ፣ በ705 ሄክታር ላይ የተቋቋመው የጉለሌ እፅዋት ማዕከልም ይህንኑ ሲሠራ፣ ትግሉ ከተከላው እኩል ከሚያቆጠቁጠው ጉቶ ጋር ነው።

ባሕር ዛፉን በአገር በቀል የመተካቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። በ2013 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ሆነ ሌላው የመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ቅርንጫፉ አይነካም። ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የየካ ዳገት ላይ ግቢ ላለው፣ ለትምህርት ቤት፣ ለደብር ሰበካ ጉባኤና መሬት ለተሰጠው ማኅበር ነው። በአሜሪካ አዳኞች አጋዘን ለመሳብ ክሎቨርና አጃ የሚዘሩባት ትንሽ ማሳ አለቻቸው። ዘዴው ያለ ጠመንጃውም፣ ወፍና ድኩላ ወደ ግቢ ለመሳብ፣ ለእኛ ይሆናል።

ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከቅርፊቱ ሥር ተኝቶ የቆየ እንቡጥ ይነቃል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጉቶው ዙሪያውን በቡቃያ ይከበባል። ቡቃያው ቀርበው ቢያዩት እናቱን አይመስልም። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ፊት ለፊት ይወጣል፤ መልኩ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ጣት ሲያርፍበት የሚለቅ ነጭ ብናኝ ለብሷል። ለጋው ግንድ አራት ማዕዘን ነው። እንደ ማጭድ የታጠፈው ረጅሙ ቅጠል የሚመጣው ኋላ ነው። ከታች ያለው ሥር ግን የአሮጌው ዛፍ ሥር ነው፣ ለዓመታት ያከማቸው ስንቅ አለው።

ጉቶ የሚሞተው ይህ ስንቅ ሲያልቅ ነው። ገና በጣት ቁመት ያለውን ቡቃያ መልቀም ብዙ አይጎዳውም። ሥሩ ቅጠል ለማውጣት ስንቁን ከፍሎ፣ ቅጠሉ ደግሞ ገና ብድሩን ያልመለሰበትን ጊዜ መጠበቅ ይሻላል። ይህም በግምት ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ነው። ያኔ በማጭድ ከመቁረጥ ይልቅ ከነመነሻው ቁልቁል መገንጠል ይገባል፤ የተቆረጠው በአንዱ ፋንታ ሦስት ሆኖ ይመለሳልና። ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ሳይሰለቹ ከደጋገሙት ይደርቃል። የሰለቸ ሰው ግን ከመጀመሪያው ባይቆርጠው ይሻለው ነበር፤ አንድ የነበረው ግንድ አሥር ሆኖ ይጠብቀዋል።

ትዕግሥት ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። ጉቶውን ወደ መሬት አስጠግቶ መቁረጥ፣ ዙሪያውን አፈር መግለጥ፣ ቅርፊቱን በመጥረቢያ እስከ ሥሩ መነሻ ልጦ እንጨቱን ማራቆት። እንቡጡ ያለው ቅርፊቱ ሥር ስለሆነ የተላጠ ጉቶ የሚያበቅልበት ያጥረዋል። ጉቶውን ነቅሎ ማውጣት ግን በዚህ ዳገት አይመከርም፤ የሞተ ጉቶም ቢሆን ለክረምቱ ጎርፍ አፈር ይይዛል።

መድኃኒትስ? ግላይፎሴት የሚሠራው ዛፉ እንደተቆረጠ ወዲያውኑ፣ ከቅርፊቱ ቀጥሎ ባለው እርጥብ ቀለበት ላይ ሲቀባ ነው። ካደረ በኋላ ማፍሰስ ገንዘብ መድፋት ነው። እኔ ግን እንጦጦ ላይ አልመክረውም። የቀበና ወንዝ የሚነሣው ከዚህ ተራራ ነው፤ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትም ሰው ጸበል ይጠጣል።

ዛፉ ሲነሣና ብርሃን ሲገባ ሣሩ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ሰርዶ ነው። ከመሬት በታች በሚሄድ ግንዱ ስለሚራባ በክረምት መቆፈር ማለት ቆራርጦ መትከል ማለት ነው። ከጥር እስከ የካቲት፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ በመቆፈሪያ ገልብጦ ሥሩን ለፀሐይ ማስጣት፣ ከዚያም በመንሽ አራግፎ መልቀም ነው። ለትንሽ ቦታ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ለብዙ ወራት ማልበስም ይቻላል። ሙጃ በዘር የሚራባ የዓመት አረም ስለሆነ ጠባዩ ሌላ ነው። በበልግ መሬቱን አለስልሶ አረሙ እንዲበቅል መተው፣ ሲበቅል ጥልቅ ሳይቆፍሩ ላይ ላዩን መኮትኮት ይበቃል። በሰኔ የሚዘራው ዘር ያኔ ተፎካካሪው ይቀንስለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ግቢ ሲያጸዳ አጋሙን፣ ቀጋውን፣ ክትክታውን፣ ቀጨሞውን ሁሉ አብሮ ይመነጥራል። አጋምና ቀጋ ለወፍ የተዘረጋ ማዕድ ናቸው፤ እሾኻቸውም ለችግኝ አጥር ይሆናል። በትግራይ የተደረገ ጥናት የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ሥር ሲሆን ከገላጣው ይልቅ እንደሚተርፍ አሳይቷል። ወፍ ቁጥቋጦው ላይ አርፎ የበላውን ዘር እዚያው ይጥላል፤ ጥላው ያሳድገዋል። ስለዚህ ወይራ መትከል የሚያምርበት ቦታ ሜዳው መሐል አይደለም፣ የክትክታው ጎን ነው። ራስ ክምርም እንደ አረም ከመነቀል ቢተርፍ ማር ቀሳሚዎቹ ትንንሽ ወፎች ብርቱካናማ አበባውን ፍለጋ ይመጣሉ።

ለድኩላና ለሚዳቋ የሚዘራው ማገት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ክሎቨር አያስፈልግም፣ ማገት የደጋችን ክሎቨር ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም፤ በትኖ ቅርንጫፍ መጎተት ይበቃዋል። ማገት ከበቀለበት ቦታ ጥቂት አፈር አምጥቶ ከዘሩ ጋር መቀላቀል ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያጠምዱትን ባክቴሪያዎች ያመጣል፤ ባሕር ዛፍ ለቆየበት መሬት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አጃ ሳሳ አድርጎ ቢጨመርበት ማገቱ እስኪጠነክር አረሙን ይሻማል። ማሳው በእሾህ ካልታጠረ ግን የሚበላው የሰፈሩ በግና አህያ ነው። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ደግሞ በጭራሽ አይጣልበት፤ ጅብና ጦጣ ከሰው ደጅ ያስለምዳል።

የፍሬ ዛፎቹን ዘር በተመለከተ፦ የጥቁር እንጨት ዛፍ ዘር ሲቆይ ስለሚሞት በተለቀመ ሰሞን ሥጋው ታጥቦ መዘራት አለበት። ወይራ በተቃራኒው ፍሬው ውስጥ ያለው ድንጋይ መሰል ልባስ ያስቸግረዋል። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ምርምር ይህ ልባስ ሲነሣ ዘሩ እጅግ የተሻለ እንደሚበቅል አሳይተዋል። ሥጋውን አጥበው ካደረቁ በኋላ ልባሱን በመጠኑ፣ ውስጡን ሳይጨፈልቁ ሰንጥቆ ማውጣት ይቻላል፤ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ልጆችን አሰባስቦ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ነው።