ፎቶ ለማስተካከል ታብሌት ወይስ ላፕቶፕ? ከግዢ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ፎቶግራፍ ማንሳት ለብዙ ነጋዴና ባለሙያ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኗል። ጥምቀትን ጃንሜዳ፣ መስቀልን አደባባይ ወጥቶ በራሱ ካሜራ የሚያነሳው ሰው ጥቂት አይደለም። ጥያቄው የሚመጣው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። ብርሃኑን ለማስተካከል፣ ቀለሙን ለማረምና ጠርዙን ለመቁረጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። ገዢው መርካቶ ወይም ቦሌ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገብቶ ታብሌትና ላፕቶፕ ጎን ለጎን ሲቀርቡለት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው በመልካቸውና በተለጠፈው ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ማንኛውም የንግድ ዕቃ ሁሉ ይህም ግዢ መለካት ያለበት በጠቅላላ ወጪው ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባን ዕቃ ተሳስቶ መግዛት የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው ከፍ ብሏል።

ታብሌት ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

አፕል የመጀመሪያውን አይፓድ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ይታይ የነበረው እንደ ማንበቢያና ፊልም ማያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በስክሪን ላይ የሚጻፍበት እስክሪብቶ ከአይፓድ ፕሮ ጋር ወጣ። በ2017 አፊኒቲ ፎቶ፣ በ2019 ደግሞ ፎቶሾፕ ለአይፓድ ቀረቡ። ስለሆነም «በታብሌት ፎቶ አይታረምም» የሚለው አባባል ጊዜ አልፎበታል። ቀሪው ጥያቄ ለየትኛው ሥራ የትኛው ያዋጣል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ፦ የፋይሉ ዓይነት

ካሜራ ፎቶን በሁለት ዓይነት መንገድ ያስቀምጣል። አንደኛው ጄፔግ ሲሆን፣ ካሜራው ራሱ አሳንሶና አስተካክሎ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ሮው ይባላል፤ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ሳያስተካክል እንዳለ ይዞ የሚያቆይ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃ ይይዛል።

ልዩነቱ በተግባር የሚታይ ነው። በጥምቀት ዕለት በቀትር ፀሐይ የተነሳ ፎቶ ላይ የነጠላው ነጭ ይነጣና ጥለቱ ይጠፋል፤ በጃንጥላ ጥላ ሥር ያለው ፊት ደግሞ ይጨልማል። በሮው የተነሳ ከሆነ ነጩም ጥላውም በአብዛኛው ሊመለስ ይችላል። በጄፔግ ከሆነ ግን አንዴ የጠፋው ጥለት አይመለስም።

ስለዚህ በስልክ ወይም በጄፔግ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ታብሌት ይበቃዋል። በሮው የሚያነሳው ሰው ግን ወደ ቀጣዩ ሒሳብ መሄድ አለበት።

የማስቀመጫ ሒሳብ

የአንድ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሮው ፋይል በግምት 30 ሜጋባይት ይሆናል። በአንድ በዓል 500 ፎቶ ያነሳ ሰው 15 ጊጋባይት ይዞ ይገባል። በዓመት ስምንት ጊዜ ይህን ያህል ቢያነሳ 120 ጊጋባይት ይሆናል። 128 ጊጋባይት የሚይዝ ታብሌት የራሱ ሥርዓትና ፕሮግራሞች ከሚወስዱት ቦታ ጋር ተደምሮ ዓመቱን ሳይጨርስ ይሞላል ማለት ነው።

አይፓድ የሜሞሪ ካርድ መጨመሪያ የለውም፤ ሲገዛ የያዘው መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው። እንደ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ9 ያሉት ግን ካርድ ይቀበላሉ፤ እስክሪብቶውም ከዕቃው ጋር ይመጣል። የአፕሉ እስክሪብቶ በተናጠል የሚገዛ በመሆኑ ዋጋው ከታብሌቱ ዋጋ ጋር መደመር አለበት።

ፎቶውን በኢንተርኔት ወደ ክላውድ መጫን ሌላው አማራጭ ነው። ነገር ግን 15 ጊጋባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ መስመሩ ካልተቆራረጠ ነው። በዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ከዚህ አኳያ ላፕቶፕና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞ መሥራት ይቀላል። የፎቶው ቅጂ ግን በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም። የተሰረቀ ወይም የተበላሸ መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፤ የእናት የመጨረሻ ፋሲካ ፎቶ ግን አይተካም።

ስክሪን፦ ታብሌት የሚበልጥበት

በዚህ ረገድ ርካሽ ላፕቶፕ ብዙ ገዢ ያታልላል። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ዝርዝራቸው ላይ «45 በመቶ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ለፎቶ መነሻ የሚሆነው መደበኛው የቀለም ክልል ኤስ.አር.ጂ.ቢ ሲሆን፣ በዚያው መለኪያ ወደ 72 በመቶ ይጠጋል። በ45 በመቶ ስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ ደብዝዘው ስለሚታዩ ገዢው ቀለም ይጨምራል፤ ፎቶው ሲታተም ወይም በሌላ ስክሪን ሲታይ ከልክ ያለፈ ቀለም ይዞ ይወጣል። መደበኛው አይፓድ እንኳ ኤስ.አር.ጂ.ቢን ያሟላል፤ ኤይርና ፕሮ የተባሉት ደግሞ ከዚያ የሚሰፋውን ፒ3 ይሸፍናሉ። ላፕቶፕ ለፎቶ የሚገዛ ሰው «100 በመቶ ኤስ.አር.ጂ.ቢ» የሚለውን ቃል ፈልጎ ማግኘት አለበት። ራሙም 16 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል፤ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም።

ወርኃዊ ክፍያ

ላይትሩምና ፎቶሾፕ የሚከፈልባቸው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ሲሆን፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ ወጪ መሣሪያው እስካለ ድረስ አብሮ የሚሄድ ነው። ያለ ክፍያ የሚገኙት ዳርክቴብል፣ ሮውቴራፒና ጊምፕ ለላፕቶፕ የተሠሩ ናቸው፤ በይፋ የወጣ የታብሌት ቅጂ የላቸውም። በታብሌት ያለ ክፍያ ከሚገኙት ታዋቂው ስናፕሲድ ነው፤ ለቀላል እርማት ጥሩ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ለይቶ ለማደራጀት ግን አልተሠራም። ስለዚህ ላፕቶፑ በመለያ ዋጋው ውድ ቢመስልም በሦስት ዓመት ሒሳብ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይቀበልም። «ኮር አይ5» ከሚለው ቀጥሎ በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ባለ አራት አሐዝ ቁጥር ካለ ዋጋው የረከሰው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ገዢው ይወቅ። መልሶ ሲሸጠውም ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ያገለገለ አይፓድ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት አካውንት ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ባለቤቱ የይለፍ ቃል አይከፈትም። መድኃኒቱ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ ዕቃውን ከነበረበት ሁሉ አጥፍቶ ከመጀመሪያው እንዲያስጀምረው ማድረግ ነው። የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ከጠየቀ ግዢው ይቅር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ይህ ምርመራ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ለማን የትኛው?

በስልክ ወይም በጄፔግ የሚያነሳ፣ በወር ጥቂት ፎቶ የሚያርም፣ በጉዞ ላይ የሚሠራና መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ታብሌት ያዋጣዋል። በሮው የሚያነሳ፣ በየበዓሉ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ የሚያከማችና ወርኃዊ ክፍያ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ጥሩ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ይግዛ። ሁለቱን ለማጣጣም ብሎ ርካሽ ታብሌትና ርካሽ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የሁለቱንም ጉድለት ገዝቶ ይመለሳል።