አውቶጄኒክ ልምምድ ምንድን ነው? እንዴትስ ይለመዳል?

የማስተማር ልምምድ የሚጀመርበት ሳምንት ሲቃረብ በየማደሪያው የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ የሚል አለ፤ ራሴን ያመኛል የሚል አለ፤ ጠመኔ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል የሚልም አይጠፋም። ለዚህ ሁሉ ከጓደኛ የሚገኘው መድኃኒት «አይዞህ፣ ዘና በል» ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ቢመጣም አይሠራም። የተጨነቀ ሰው ዘና በል ስለተባለ ዘና አይልም፤ እንዲያውም «ዘና ማለትም አቃተኝ» ብሎ ሌላ ጭንቀት ይጨምራል። አውቶጄኒክ ልምምድ ለዚህ ችግር መላ የሚሆን ዘዴ ነው።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ከራስ የሚመነጭ» እንደ ማለት ነው። ዘዴውን ያዘጋጀው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ዮሐንስ ሃይንሪክ ሹልትስ (1884-1970) ሲሆን ዋና መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ሹልትስ በሂፕኖሲስ የሚታከሙ ሰዎች ምን ተሰማችሁ ሲባሉ አዘውትረው ሁለት ነገር እንደሚናገሩ ልብ አለ፤ እጅና እግራቸው ይከብዳቸዋል፣ ደግሞም ይሞቃቸዋል። ታዲያ ሰው ያለ ሐኪም፣ በገዛ ራሱ፣ ከክብደትና ከሙቀት ተነሥቶ ወደዚያ ዕረፍት መድረስ አይችልም ወይ? ዘዴው የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። (ስለ ሰውየው አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። በናዚዎች ዘመን በርሊን በሚገኝ የሥነ ልቦና ሕክምና ተቋም ምክትል ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ የአእምሮ ጉዳተኞችን መግደል ደግፏል። ዘዴውን መማር እሱን ማመስገን አይደለም።)

ክብደቱም ሆነ ሙቀቱ ባዶ ምኞት አይደለም። ጡንቻ ሲላላ ክንድን ደግፎ የያዘው ውጥረት ይለቃል፤ ያን ጊዜ ክንዱ የራሱን ክብደት ያሰማል። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ሲያቅፉት ከነቃው የሚከብድ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስንደነግጥ ደግሞ በእጅ ቆዳ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ጣታችን ይቀዘቅዛል። ስናርፍ ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ደም እንደልቡ ይደርሳል፣ ጣትም ይሞቃል። ይህ በቴርሞሜትር የሚለካ ነገር ነው።

ልምምዱ በጀርባ ተኝቶ ወይም መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጦ ይሠራል። ለእኛ ግን የሚመቸው ሦስተኛው፣ «የጋሪ ነጂ አቀማመጥ» የሚባለው ነው። ስሙ የመጣው ደንበኛ ሲጠብቁ ከሚያንቀላፉት የድሮ ጀርመን ጋሪ ነጂዎች ነው፤ ጋሪ በሚሠራበት ከተማ ያደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ትንሽ ከፈት ማድረግ፣ ጀርባን መልቀቅ፣ አንገትን ደፋ ማድረግ፣ ክንድን ጭን ላይ ማሳረፍ፤ በቃ።

ከዚያም ዓይን ይጨፈንና በልብ «ቀኝ ክንዴ ከብዷል» ይባላል። ይህ 5 ወይም 6 ጊዜ ይደገምና «ፍጹም ረግቻለሁ» ይከተላል። ግራኝ የሆነ በግራው ይጀምር። እዚህ ላይ አማርኛችንን ማስተዋል ይበጃል። «ክንዴ ይክበድ» ካልን ትእዛዝ ሆነ፤ ያው «ዘና በል» በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። «ይከብዳል» ካልን ደግሞ መጠበቅ እንጀምራለን፤ «ኧረ መቼ ነው የሚከብደው?» ማለት ይመጣል። «ከብዷል» ግን የሆነውን ነገር መናገር ብቻ ነው። ከብዶ ባይሰማም ግድ የለም፤ ትኩረትን ክንዱ ላይ አሳርፎ መተው ነው። ሐሳብ ወደ ትምህርት ዕቅዱ ቢሸሽ ሳይቆጡ መመለስ።

ሲጨረስ ዝም ብሎ ብድግ አይባልም። ጡጫ ጨብጦ ክንድን ጠንከር አድርጎ ማጠፍና መዘርጋት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ መጨረሻ ላይ ዓይንን መግለጥ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ድንዝዝ ማለት ሊከተል ይችላል። ማታ ለመተኛት የሚሠራው ሰው ብቻ ይህን ይተወዋል።

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ክብደቱ በደንብ እስኪለመድ ሳምንት ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሙቀት የሚታለፈው። ቀጥለው የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የሆድ ሙቀትና የግንባር ቅዝቃዜ በየተራ ይመጣሉ፤ በጠቅላላው ስድስት ናቸው፤ ሁሉንም ለመልመድ ወራት ይጠይቃል። ስለዚህ ክፍል በሚገባበት ጧት የሚጀመር ነገር አይደለም። በእኔ አስተያየት ለእኛ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደንብ ቢለመዱ ስድስቱን ነካ ነካ ከማድረግ ይሻላል።

ይሠራል ወይ? ሽቴተርና ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የ60 ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው አሳትመዋል። ለራስ ምታት፣ ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ችግርና በመጠኑ ከፍ ላለ የደም ግፊት መካከለኛ ጥቅም ታይቷል። ከሌሎች የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ጋር ሲወዳደር ግን ብልጫ አላሳየም። ተአምር የሚጠብቅ ካለ እዚህ የለም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልምምዱን ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ልምምዱ በተሠራ ቁጥር ጭንቀቱ የሚብስበትም ካለ ይተወው፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ።